የድሮ ሪምፋየር ሪቮልቨር ትክክለኛ ጥይት የቱ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአያት የተረፈ ሪቮልቨር ቤታቸው ያለ የመሐል አዲስ አበባ ነባር ቤተሰቦች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ከታች ከሚጠቀሰው አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁም ሣጥን ውስጥ የአያቴ አሮጌ ሪቮልቨር ተገኘ። ጥይቱን ለመለየት ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ጥይቱ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። ልጆችን ከክፍሉ ያስወጡ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያዙሩ፣ ጣትዎን ከምላጩ ያርቁ፤ ከዚያ የሲሊንደሩን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ይዩ። አንዳንዱ ሪቮልቨር ሲሊንደሩ ወደ ጎን ይወጣል፣ አንዳንዱ መሐሉ ላይ ይታጠፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ በጎኑ ባለች ጠባብ በር አንዱን ጉድጓድ ብቻ ያሳያል። የኋለኛው ዓይነት ከሆነ ሲሊንደሩን እያዞሩ ሁሉንም መቁጠር ግድ ነው። አምስቱን አይቶ ስድስተኛውን መርሳት ብዙ ቤት አስለቅሷል።

ጥይት ተጣብቆ ካገኙ በምስማር፣ በጉጠት ወይም በመፍቻ ለማውጣት ፈጽሞ አይሞክሩ። በሪምፋየር ጥይት ውስጥ የሚቀጣጠለው ቅመም ያለው በቀለሃው ጠርዝ ዙሪያ ሁሉ ነው፤ የተጣበቀ ጥይት የሚፈነቀለው ደግሞ ጠርዙን ተይዞ ነው። ሽጉጡን እንዳለ ትተው ክፍሉን ቆልፈው ፖሊስ ይጥሩ።

ጥይት ገዝቼ ብሞክረውስ?

አይቻልም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝን ይከለክላል። የቤተሰብ ቅርስ መሆኑ በራሱ ፈቃድ አይሆንም። «ሁለት ፍሬ ጥይት አለኝ፣ እንሞክረው» የሚል ወዳጅ ቢመጣም በሕግም በደኅንነትም በኩል ችግር ይዞ ነው የሚመጣው።

ሽጉጡን በቦርሳ ይዞ ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ መርካቶ «የሚያውቅ ሰው» ፍለጋ መዞርም ትልቅ ስሕተት ነው። መሣሪያው ካለበት አይነሳ። ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሡት፣ ልኬቶቹን ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ያንን ይዘው ፖሊስ ጋ ሄደው እንዴት እንደሚቀርብና እንደሚመዘገብ ይጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሽጉጡን ለማወቅና በትክክል ለመመዝገብ የሚረዳ ነው።

ሪምፋየር የሚባለው ምን ዓይነት ጥይት ነው?

የጥይቱን ቂጥ ሲያዩት መሐሉ ላይ ክብ ካፕሱል የለበትም፤ ልሙጥ ነው። መዶሻው የሚመታው ጠርዙን ነው። ጠርዙ ውስጡ ክፍት ሆኖ ስለተሠራ ተቀጣጣዩ ቅመም እዚያ ይገባል፤ የመዶሻው መምቻ መርፌ ጠርዙን ሲጨፈልቀው ቅመሙ ይነድና ባሩዱን ያቀጣጥላል።

የፈረንሳዩ ሉዊ ኒኮላ ፍሎበር በ1845 ለቤት ውስጥ ዒላማ መለማመጃ ያወጣት ትንሽ ጥይት የዚህ ዘር መነሻ ናት። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1857 ያወጣው ሞዴል 1 ሪቮልቨር ሐሳቡን ወደ ሽጉጥ አመጣው፤ የዚያ ሽጉጥ ጥይት ዛሬ .22 ሾርት የምንለው ነው (ነጥብ ያለው ቁጥር በኢንች የሚጠራ የጥይት መጠን ነው)። ከኋላ እስከ ፊት የተበሳ ሲሊንደር የመሥራት መብቱ በሮሊን ዋይት የፈጠራ ፈቃድ ተይዞ ስለነበር ሌሎች ፋብሪካዎች እስከ 1869 ድረስ እጃቸው ታስሮ ቆየ። ፈቃዱ ሲያበቃ ግን ትንንሽና ርካሽ የሪምፋየር ሪቮልቨሮች አሜሪካንም አውሮፓንም አጥለቀለቁ። ብዙዎቹ ስም እንኳ የላቸውም፤ ጥይታቸውን ለመለየት የሚያስቸግሩትም በዋናነት እነሱ ናቸው።

ጠርዙ እንዲጨፈለቅ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ከሆነ ደግሞ ብዙ ግፊት አይችልም። ትልልቆቹ የሪምፋየር ጥይቶች ከገበያ የጠፉት፣ ትንሹ .22 ደግሞ እስከዛሬ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

የኔ ሽጉጥ ሪምፋየር ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?

መዶሻውንና ከሲሊንደሩ በስተኋላ ያለውን ግድግዳ ይዩ። የመርፌው መውጫ ቀዳዳ ወይም የመዶሻው ጫፍ ከጥይት ጉድጓዱ መሐል ትይዩ ከሆነ ሽጉጡ ሴንተርፋየር፣ ማለትም የጥይቱን ቂጥ መሐል መትቶ የሚተኩስ ነው፤ ከጉድጓዱ ዳር ትይዩ ከሆነ ሪምፋየር ነው። የሪምፋየር መዶሻ ጫፍ ብዙ ጊዜ እንደ መርፌ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው። በሲሊንደሩ የኋላ ጠርዝ ላይ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አናት ትንሽ ስንጥቅ ካለ ግን ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ ከጎኑ ሽቦ የወጣለትን የለፎሼን ጥይት የሚጎርስ ነው፣ ለእሱ የሪምፋየር ጥይት አይሆንም።

በአገራችን ይህን ጥያቄ መዝለል አይገባም። ከጦር ጋር የገቡት አሮጌ ሪቮልቨሮች በአብዛኛው ሴንተርፋየር ናቸው፤ በዓድዋ ዘመን የጣሊያን ጦር የታጠቀው ቦዴዮ 1889 የ10.35 ሚ.ሜ.፣ የፈረንሳዩ 1873 የ11 ሚ.ሜ.፣ የሩሲያው ናጋንት 1895 የ7.62 ሚ.ሜ.፣ የእንግሊዙ ዌብሊ የ.455 ጥይት ይጎርሳሉ። ስለዚህ «አያቴ ከጦርነት ያመጡት ነው» የሚባል ትልቅ ሽጉጥ ሪምፋየር የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። በሱቅ በኩል የገባ፣ ለኪስ የተሠራ ትንሽ ሽጉጥ ከሆነ ግን ሊሆን ይችላል። በጠመንጃም ተመሳሳይ መምታታት አለ፤ የስዊስ ወጨፎ ሪምፋየር ሲሆን ከጣሊያን የመጣው ግን ሴንተርፋየር ነው። መልካቸው ወንድማማች ነው፣ ጥይታቸው ግን አይገናኝም።

የጥይቱ መጠን ሽጉጡ ላይ ይጻፋል? የት ልፈልግ?

በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ከሆነ ብዙ ጊዜ አረሩ በሚወጣበት ቱቦ ጎን ላይ ይገኛል። ከዚያ በፊት የተሠራው ግን ምንም ሳይጻፍበት ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ገዢው ከሱቁ ጥይቱን አብሮ ስለሚገዛ መጻፉ ግድ አልነበረም። የቱቦውን አናትና ጎን፣ የሲሊንደሩን ፊት፣ የአካሉን ታች፣ ከተቻለም ከእንጨት እጀታው ሥር ያለውን ብረት በደንብ ባለ ብርሃን ይዩ። ዝገት ካለ በአሸዋ ወረቀት አይፈትጉት፤ ዘይት የነካ ጨርቅና ትዕግሥት ይበቃል። አንዴ የተፋቀ ጽሑፍ አይመለስም፣ የሽጉጡም ዋጋ አብሮ ይሄዳል።

ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው የፈጠራ ፈቃድ ቀን ነው። ቱቦው ላይ 1871 ተጽፎ ካዩ ሽጉጡ በዚያ ዓመት ተሠራ ማለት አይደለም፤ ፈቃዱ የተሰጠበት ዓመት ነው፣ ሽጉጡ ከዚያ ብዙ ዓመት ዘግይቶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ብቻውን የቆመ ቁጥር ነው። 32 ወይም 38 የሚል ቁጥር ሪምፋየርም ሴንተርፋየርም ሊሆን ይችላል። ኮልት ከ1873 ጀምሮ ያወጣቸው ኒው ላይን የሚባሉት የኪስ ሪቮልቨሮች በ.32፣ በ.38 እና በ.41 በሁለቱም ዓይነት ተሠርተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መዶሻውን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ማየት ነው።

.22 ብቻ ተብሎ ተጽፎበታል። ሾርት ነው፣ ሎንግ ነው፣ ሎንግ ራይፍል ነው?

የሦስቱ ቀለሃዎች ውፍረት አንድ ነው፤ 5.7 ሚ.ሜ. ገደማ፣ ጠርዛቸው 7.1 ሚ.ሜ. ገደማ። የሚለያቸው ርዝመት ነው። የሾርት ቀለሃ 10.7 ሚ.ሜ.፣ ከነአረሩ 17.4 ሚ.ሜ. ነው። ሎንግ በ1871 የመጣ ሲሆን ቀለሃው 15.1፣ ከነአረሩ 22.3 ሚ.ሜ. ነው። በ1887 የመጣው ሎንግ ራይፍል ቀለሃው 15.6 ሚ.ሜ.፣ ከነአረሩ 25.4 ሚ.ሜ. ነው። ሎንግና ሎንግ ራይፍል በቀለሃ ርዝመት እጅግ ይቀራረባሉ፤ ልዩነታቸው በዋናነት የአረሩ ክብደትና ርዝመት ነው፤ የሾርትና የሎንግ አረር 1.9 ግራም፣ የሎንግ ራይፍል 2.6 ግራም ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ቀላሉ መለኪያ የሲሊንደሩ ርዝመት ነው። ሲሊንደሩ ከ24 ሚ.ሜ. ካነሰ ሎንግ ራይፍል የሚጎርስበት መንገድ የለም፤ አረሩ ከፊት ወጥቶ መዞሩን ይከለክለዋል። ወደ 17 ሚ.ሜ. የሚጠጋ ከሆነ የሾርት ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። ሲሊንደሩ ረጅም ከሆነ ግን ነገሩ አላለቀም፤ ረጅም ሲሊንደር ይዘው ለሾርት ብቻ የተሠሩ አሉ።

የተሠራበት ዘመንም ይመሰክራል። ከ1887 በፊት የተሠራ መሆኑ የተረጋገጠ ሪቮልቨር ለሎንግ ራይፍል ሊሠራ አይችልም፤ ጥይቱ ገና አልተወለደም።

ሎንግ ራይፍል ሲሊንደሩ ውስጥ ልክ ብሎ ገባ። ታዲያ ጥይቱ እሱ አይደለም?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳበት ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ አይደለም ነው። መግባቱ ምስክር አይሆንም። በድሮዎቹ ሪቮልቨሮች ብዙዎቹ ጉድጓዶች ከኋላ እስከ ፊት ቀጥ ብለው የተበሱ ናቸው፣ ቀለሃው የሚያልቅበትን የሚያሳይ ደረጃ የላቸውም። በዚህ ዓይነት ጉድጓድ ውስጥ የውፍረቱ ልክ የሆነ ማንኛውም ጥይት ይገባል። ያም ጉድጓድ ለምን ያህል ግፊት እንደተሠራ ግን ምንም አይነግርዎትም።

የመጀመሪያው .22 ሾርት የሚጎርሰው 4 ግሬን ጥቁር ባሩድ ነበር፣ ሩብ ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ሲሊንደሩም ብረቱም የተመጠነው ለዚያ ነበር። የዛሬው ሎንግ ራይፍል በጭስ አልባ ባሩድ የተሞላ ነው፤ አረሩ ይከብዳል፣ ግፊቱም እጅግ ይበልጣል። የመቶ ሃምሳ ዓመት ስስ ሲሊንደር ይህን ሲቀበል መጀመሪያ ቀለሃው ያብጣል ወይም ጠርዙ ይፈነዳል፣ ሲብስ ብረቱ ራሱ ይሰነጠቃል። ተኳሹ ሽጉጡን የሚይዘው ከፊቱ ፊት ለፊት መሆኑን ያስቡ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠሩትም ቢሆኑ ገደብ አላቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሃይ ስፒድ የሚባሉ ፈጣን የ.22 ጥይቶች ገበያውን ሲሞሉት ፋብሪካዎች የጥይቱ ጠርዝ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በብረት እንዲከበብ ማድረግ ጀመሩ። ሲሊንደርዎን ከኋላ ሲያዩት ጠፍጣፋ ከሆነና ጠርዙ ውጪ የሚቀር ከሆነ፣ «ሎንግ ራይፍል» ተብሎ ቢጻፍበት እንኳ ለፈጣኑ ጥይት አልተሠራም፤ በዘመኑ የነበረው መደበኛው ነው የሱ።

.22 ማግነም የሚባለውስ?

ማግነም ሌላ ጥይት ነው። በ1959 የወጣ ሲሆን ቀለሃው 26.8 ሚ.ሜ. ይረዝማል፣ ውፍረቱም 6.1 ሚ.ሜ. ነው። ስለዚህ ከ1959 በፊት የተሠራ ሽጉጥ፣ ሲሊንደሩ ካልተቀየረ በቀር፣ የማግነም አይደለም።

ማግነም በሎንግ ራይፍል ጉድጓድ አይገባም፣ ይህ መልካም ነው። አደጋው በተቃራኒው ነው። ሎንግ ራይፍል በማግነም ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ይላላል፣ ከተተኮሰም ስሱ ቀለሃ የሚደግፈው ግድግዳ አጥቶ ይሰነጠቃል፤ ጋዙም ወደ ኋላ ይመጣል። ሩገር ሲንግል ሲክስን የመሳሰሉት አንዳንዶቹ ሪቮልቨሮች ሁለት ሲሊንደር ይዘው ስለሚሸጡ ይህ መደባለቅ ቀላል ነው፤ ሽጉጡ ላይ የተጻፈው አንድ፣ የገባለት ሲሊንደር ሌላ ሊሆን ይችላል። በቱቦው ጽሑፍ ሳይሆን በሲሊንደሩ ልኬት ይመኑ።

ልኬቱን በምን ልውሰድ? ማስመሪያ ይበቃል?

ማስመሪያ አይበቃም፤ 5.7 እና 6.1ን የሚለየው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ካሊፐር የሚባለው፣ ከሚሊ ሜትር በታች የሚለካ ባለ ሁለት ጥርስ መለኪያ ያስፈልጋል። የፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት በቂ ነው፤ መርካቶ የመሣሪያ ዕቃ መሸጫዎችም ይገኛል። ካሊፐሩ ወደ ሽጉጡ ይምጣ እንጂ ሽጉጡ ወደ ካሊፐሩ አይሂድ።

ባዶነቱን በድጋሚ አረጋግጠው፣ ከተቻለ ሲሊንደሩን አውጥተው፣ የጉድጓዱን ስፋት ከኋላም ከፊትም ይለኩ፤ ከዚያ የሲሊንደሩን ርዝመት፣ የጠርዝ ማስቀመጫ ካለውም ስፋቱንና ጥልቀቱን። ውስጥ ደረጃ ካለ በካሊፐሩ የኋላ ዘንግ ከኋላ እስከ ደረጃው ያለውን ይለኩ። አንድ ጉድጓድ ብቻ ለክተው አይርኩ፣ ሁሉንም ይለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከሰፋ ያ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው።

የቱቦው ውስጥ ግን ያስቸግራል። ጠመዝማዛ ቦዮቹ ጎዶሎ ቁጥር ከሆኑ፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ላይ እንደሚገኘው አምስት ከሆኑ፣ ከአንዱ ቦይ ትይዩ ሌላ ቦይ ስለሌለ በሁለት ጥርስ ካሊፐር ትክክለኛው ስፋት አይወጣም። ይህን ለባለሙያ ይተዉት። ባለሙያው በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ሴሮሴፍ የሚባል የብረት ቅልቅል አፍስሶ የጉድጓዱንም የቱቦውንም ቅርጽ ያወጣል፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ጉድጓዱ ውስጥ ደረጃ አየሁ፤ ሾርት ላይ ያቆማል። ሾርት ነው ማለት ነው?

ምናልባት። ግን ደረጃው ብረት ይሁን ቆሻሻ ይለዩ። ለሎንግ ራይፍል የተሠራ ጉድጓድ ውስጥ ለዓመታት ሾርት ሲተኮስበት ከቆየ፣ የሾርቱ ቀለሃ በሚያልቅበት ቦታ የእርሳስና የባሩድ ዝቃጭ ቀለበት ሠርቶ ይደድራል። በባትሪ ብርሃን ሲታይ ልክ ፋብሪካ የሠራው ደረጃ ይመስላል። ዘይት ቀብተው አሳድረው በናስ ብሩሽ ሲጠርጉት ቢለቅ ዝቃጭ ነበር፤ ሳይለቅ፣ በሁሉም ጉድጓድ እኩል ጥልቀት ላይ ስለታም ሆኖ ከቀረ ደረጃ ነው።

ብሩሹ ካጸዳው በኋላም የተበላ ቀለበት ሊቀር ይችላል፤ የሾርቱ ትኩስ ጋዝ ብረቱን እዚያው ላይ ይበላዋል። እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ሎንግ ራይፍል ሲተኮስበት ቀለሃው ወደ ተበላው ቦታ ያብጥና አልወጣም ይላል። የቀደመው ባለቤት ምን ይተኩስበት እንደነበረ የሚነግርዎ ምልክት እንጂ ሽጉጡ ለምን እንደተሠራ የሚነግር አይደለም።

32 ተብሎ ተጽፎበታል፣ መዶሻውም ጠርዝ የሚመታ ነው። የ7.65 ጥይት አይሆነውም?

በጭራሽ። በእጅዎ ያለው የ.32 ሪምፋየር ነው፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1861 ለጀመረው ሞዴል 2 እና ብዙ የአሜሪካና የቤልጂግ ፋብሪካዎች ለኪስ ሽጉጦቻቸው የተጠቀሙበት። ሾርቱ ቀለሃው 14.6 ሚ.ሜ.፣ ሎንጉ 20.1 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። በስም ብቻ የሚመስሉት ብዙ ናቸው፤ በ1878 የመጣው .32 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ ከእሱ የረዘመው ሎንግ፣ በአገራችን በብዛት የሚታወቀው የ7.65 ብራውኒንግም .32 ተብለው ይጠራሉ። ሦስቱም ሴንተርፋየር ናቸው። ጠርዝ የሚመታ መዶሻ የእነሱን ካፕሱል አያገኘውም።

«ታዲያ ካልተኮሰ ምን አደጋ አለው?» የሚል አይጠፋም። አደጋው «መርፌውን ወደ መሐል ላምጣው» የሚል ብልሃተኛ ሲገኝ ነው። የ7.65 ብራውኒንግ ለአውቶማቲክ ሽጉጥ የተሠራ፣ ግፊቱ እጅግ ከፍ ያለ ጥይት ነው። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ሲሊንደር ይህን አይችለውም። እንዲህ ተነካክቶ የመጣ ሽጉጥ ካለዎት እንደ ብረት ዕቃ ይቁጠሩት።

የ.30፣ የ.38፣ የ.41 እና የ.44 ሪምፋየር ጥይቶችም ከመደበኛ ምርት ከወጡ ቆይተዋል።

ጥይቱ ቂጥ ላይ አንድ ፊደል ብቻ አለ። ከእሱ መጠኑን ማወቅ ይቻላል?

አይቻልም። በሪምፋየር ጥይት ቂጥ ላይ የሚታተመው ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ምልክት ብቻ ነው፤ መጠኑ የሚጻፈው ሳጥኑ ላይ ነው። ኤች የዊንቸስተር ነው፣ የመሐንዲሱ የሄንሪ መታሰቢያ። ዩ የዩኒየን ሜታሊክ፣ ፒ የፒተርስ፣ ኤፍ የፌዴራል ነው። ያው ኤች ፊደል በሾርትም በሎንግ ራይፍልም በ.32ም ላይ ይገኛል። ከሳጥኑ የወጣ ልቅ ጥይት በካሊፐር ካልተለካ ስም አይሰጠው።

ከሽጉጡ ጋር አብሮ የተገኘ ጥይትም የሽጉጡ ጥይት ነው ብለው አይደምድሙ። መሳቢያ ውስጥ አብረው የኖሩት ባለቤቱ ስላስቀመጣቸው ብቻ ሊሆን ይችላል።

አሮጌ ሳጥን ሙሉ ጥይት አለኝ። አሁንም ይሠራል?

አንዳንዱ ይተኩሳል፣ አንዳንዱ አይተኩስም፣ አንዳንዱ ዘግይቶ ይተኩሳል፤ ዋናው ችግር ይኸው አለመታመኑ ነው። የድሮ ተቀጣጣይ ቅመም ውስጥ የነበረው ሜርኩሪ የቀለሃውን ናስ እያደር ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ክሎሬት ያለበት ደግሞ ከተኩስ በኋላ ቱቦውን በፍጥነት ያዝገዋል። አረሩ ላይ ነጭ ዱቄት ካዩ የእርሳስ ዝገት ነው፣ መርዛም ስለሆነ በእጅ አይጥረጉት፤ ከነኩም ምግብ ከመንካትዎ በፊት ይታጠቡ። ቀለሃውን ለማሳመር ማሸትም ማጠብም አያስፈልግም።

ሳጥኑን ግን አይጣሉት። ለታሪክ ፈላጊ ብዙ ጊዜ ከጥይቱ የሚበልጠው የተጻፈበት ካርቶን ነው፤ የፋብሪካው ስም፣ «ጥቁር ባሩድ» ወይም «ጭስ አልባ» የሚለው ቃል፣ የሱቁ ማኅተም ሁሉ ዘመኑን ይናገራሉ። ጥይቱን ስለ ማስረከብ ፖሊስን ሲጠይቁ የሳጥኑን ፎቶ አስቀድመው ያንሡ።

ብረቱ ላይ ዘውድና ፊደላት ያሉባቸው ትንንሽ ማኅተሞች አሉ። ምን ይጠቅሙኛል?

እጅግ ይጠቅማሉ። የአውሮፓ መንግሥታት ሽጉጥ ከመሸጡ በፊት ከመደበኛው በበለጠ ባሩድ ተኩሰው ፈትነው ማኅተም ያደርጉበታል። የቤልጂጓ ሊዬዥ ማኅተም በሞላላ ክበብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ ፊደሎች ናቸው፤ ከ1893 ወዲህ ያለው በአናቱ ዘውድ ይጨመርበታል። ስለዚህ ዘውድ የሌለው ከዚያ በፊት የተፈተነ ነው። በጭስ አልባ ባሩድ የተፈተነ የቤልጂግ መሣሪያ አንበሳና ፒ ቪ ፊደሎች፣ የጀርመን ከ1911 ጀምሮ ዘውድና ኤን፣ የእንግሊዝ ከ1904 ወዲህ ኤን ፒ ይኖረዋል።

የጭስ አልባ ፈተና ማኅተም ከሌለው የአውሮፓ ሽጉጥ ለጥቁር ባሩድ እንደተሠራ ይቁጠሩት። የአሜሪካ ሽጉጥ ግን የመንግሥት ማኅተም ስለሌለበት ብቻ እንዲህ አይፈረድበትም፤ እዚያ እንዲህ ያለ የግዴታ ፈተና የለም። በእሱ ላይ የሚፈርደው የተሠራበት ዘመን ነው።

6 ሚ.ሜ. ተብሎ ተጽፎበታል። የ.22 ጥይት ይሆነዋል?

6 ሚ.ሜ. ፍሎበር የሚባለው ውፍረቱ ከ.22 ጋር ስለሚቀራረብ ሾርትም ሎንግ ራይፍልም ሊገባለት ይችላል። የፍሎበር ጥይት ግን እጅግ ደካማ ናት፤ የመጀመሪያዎቹ ባሩድ እንኳ የላቸውም፣ አረሯን የሚገፋት ተቀጣጣዩ ቅመም ብቻ ነበር። ለእሷ የተሠራ ሽጉጥ በ.22 ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል።

ሌላም ጉዳይ አለ። በስታዲየም ሩጫ ሲጀመር የሚተኮሱት ብዙ ሪቮልቨሮች የ6 ሚ.ሜ. ወይም የ.22 ባዶ ጥይት የሚጎርሱ ናቸው፤ መልካቸው ከእውነተኛ ሽጉጥ አይለይም። ቱቦው ውስጥ ባትሪ ሲያበሩ ድፍን ከሆነ ወይም መሐሉ ላይ የብረት ዘንግ ከተጋረጠ የሩጫ ማስጀመሪያ ነው። እውነተኛ ጥይት ቢገባለት መውጫ የለውም።

በቀደመ ጊዜ ተተኩሶበት የቀረ ባዶ ቀለሃ ውስጡ አገኘሁ። ምን ይነግረኛል?

ብዙ። ቀለሃው መሐሉ ላይ ካበጠ ወይም በርዝመቱ ከተሰነጠቀ ለጉድጓዱ ቀጭን ነበር፤ የማግነም ጉድጓድ ወይም የሰፋ ጉድጓድ ይጠርጥሩ። ጠርዙ ከፈነዳ ግፊቱ በዝቶበታል ወይም ከኋላ የሚደግፈው አልነበረም። የመርፌው ምት ስስ ከሆነ የመዶሻው ስፕሪንግ ደክሟል፣ ወይም ሲሊንደሩ ከግድግዳው ርቋል። ምቱ ጠርዙን ስቶ ወደ መሐል ከገባ ደግሞ ሲሊንደሩ በትክክል አይቆለፍም፤ እንዲህ ያለው ሽጉጥ አረሩን ከቱቦው ጋር አያገናኝም፣ እየላጠ በጎን ይተፋዋል። ቀለሃውን በትንሽ ፌስታል አድርገው የተገኘበትን ጉድጓድ ቁጥር ይጻፉበት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ባዶ ሪምፋየር ሽጉጥ ላይ ለጨዋታ ምላጭ አይሳቡ። ጠርዝ ከሌለ መርፌው የሚያርፈው በጉድጓዱ አፍ ብረት ላይ ነው፤ እየደጋገመ ሲመታው ብረቱ ወደ ውስጥ ይደፈጠጥና ጥይት አልገባም ይላል። መርፌውም ይሰበራል።

ቁጥሩ አይገጥምም፦ አካሉ ላይ አንድ፣ ሲሊንደሩ ላይ ሌላ። በየትኛው ልመን?

በሁለቱም አይመኑ፤ ሲሊንደሩ ከሌላ ሽጉጥ የመጣ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ፋብሪካዎች መለያ ቁጥሩን በሲሊንደሩም በቱቦውም ላይ ስለሚደግሙት፣ ሳይገጥም ሲቀር ወይ ተቀይሯል ወይ ከሁለት ሽጉጥ አንድ ተሠርቷል። ጉድጓዱ በኋላ በቦረቦሪያ የሰፋም ይኖራል፤ የመቁረጫው ክብ ክብ ጭረት በውስጡ ይታያል፣ የጉድጓዶቹም መጠን እርስ በርስ ይለያያል። በእንዲህ ያለው ሽጉጥ ላይ ከፋብሪካ የወጣ መጽሐፍም ሆነ የቱቦ ጽሑፍ አይሠራም፤ ልኬቱ የሚናገረው የአሁኑን እንጂ የተሠራበትን አይደለም። ሲመዘገብም «ሲሊንደሩ የራሱ አይደለም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍለት።

ለይቼዋለሁ፣ ጥይቱ ግን ከዓለም ገበያ ጠፍቷል። ማድረግ የምችለው ምንድን ነው?

ውጭ አገር ሰብሳቢዎች በናስ ማስገቢያ ውስጥ የ.22 ባዶ ጥይት እየሰኩ የ.32 ሪምፋየርን የሚያስመስሉበት ዘዴ አለ። በብረቱ ዕድሜና በሚጠይቀው ጥንቃቄ የተነሣ ለማንም አልመክረውም፤ ከተማችን ውስጥ የሚሠራበት ሕጋዊ ቦታም አላውቅም። ጉድጓዱን ቦርቡሮ ለሌላ ጥይት ማስፋትም እንዲሁ፤ ታሪኩንም ሽጉጡንም ያጠፋል።

ምዝገባውን ከፖሊስ ጋር ከጨረሱ በኋላ ሽጉጡ ሳይተኮስ በክብር ሊቀመጥ ይችላል። ጸድቶ፣ ስስ ዘይት ተቀብቶ፣ ከቆዳ ማኅደሩ ወጥቶ ይቀመጥ፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ክረምት ላይ ብረቱን ይበላዋል። በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ከነፎቶው፣ ከነልኬቱ፣ የማን እንደነበረና በማን እጅ እንዳለፈ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ያኑሩት። ታሪኩ ከታወቀ የአገር ጉዳይ የሚነካ ሰው መሣሪያ ከሆነ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየምን ወይም ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን አስቀድሞ በፎቶና በጽሑፍ ማማከር ይቻላል።